የታሰረው አዮን ለምን ያመልጣል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት በአንድ መሣሪያ ላይ ነው፤ በሬዲዮ ድግግሞሽ በሚለዋወጥ ቮልቴጅ አዮንን (ቻርጅ ያለውን አቶም ወይም ሞለኪውል) ባዶ ቦታ ላይ አንጠልጥሎ በሚይዘው ባለ አራት ዘንግ ወጥመድ። ቮልፍጋንግ ፓውል ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1953 ቦን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ካቀረበ በኋላ (ኖቤል የተሸለመበት በ1989 ነው) መሣሪያው በብዙ ማስ ስፔክትሮሜትሮች (አዮኖችን በመጠነ ቁሳቸው በሚለዩ መሣሪያዎች) ሆድ ውስጥ ገብቷል።

ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የአዮኑን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ኮድ (በሲሙሌሽን) የሚያሰሉ ናቸው። መልሶቻችን እንዳይበታተኑ ለሁሉም አንድ ምሳሌ ይዘናል። ከወጥመዱ መካከል እስከ ዘንጉ ገጽ 4 ሚሊሜትር፤ ድግግሞሹ 1 ሜጋኸርዝ፤ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ከዜሮ እስከ ጫፍ 50 ቮልት፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ዘንጎች በአንድ ምልክት፣ ጎን ለጎን ያሉት በተቃራኒ ምልክት፤ አዮኑ አንድ ቻርጅ ያለውና መጠነ ቁሱ 100 ዳልተን (የአቶም መጠነ ቁስ መለኪያ) የሆነ። የተለየ ነገር ካልተባለ የምናወራው ስለዚህ ወጥመድ ነው።

ጥያቄ፦ ኮዱን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጻፍኩት። አዮኑን ከመካከሉ 0.1 ሚሊሜትር ላይ አስቀምጬ ስለቀው 5 ማይክሮሰከንድ እንኳ ሳይቆይ ዘንጉን ይመታል። ላቦራቶሪ ያለው ወጥመድ ግን በዚሁ ቮልቴጅ ይሠራል፤ ኦሲሎስኮፑ (የቮልቴጁን መለዋወጥ የሚያሳየው መለኪያ) ላይ ያነበብኩት 200 ቮልት ነው። (የማስተርስ ተማሪ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ኮዱ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ የተምታታው የቮልቴጁ አለካክ ነው። ኦሲሎስኮፑ በሁለቱ ጥንድ ዘንጎች መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ 200 ይላል። ቀመሩ የሚፈልገው በአንድ ዘንግና በመሬት መካከል ከዜሮ እስከ ጫፍ ያለውን ነው፤ ያ የ200 ሩብ ነው፣ 50 ቮልት።

ወጥመዱ መያዝ አለመያዙን የሚወስነው ኪው የሚባል አሃድ የሌለው ቁጥር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 4 × ቻርጅ × ቮልቴጅ፣ ሲካፈል ለመጠነ ቁስ × የ4 ሚሊሜትሩ ካሬ × የማዕዘን ድግግሞሹ ካሬ። በምሳሌያችን ኪው 1 የሚሆነው 163.7 ቮልት ላይ ነው፤ ስለዚህ 50 ቮልት 0.305 ይሰጣል። ቀጥተኛ (የማይለዋወጥ) ቮልቴጅ ካልተጨመረ ኪው 0.908 እስኪደርስ ድረስ አዮኑ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ አይያዝም። የእርስዎ 200 ቮልት 1.22 ሆኗል። በዚህ ዋጋ ውዝዋዜው በየዑደቱ አምስት እጥፍ ያህል ስለሚያድግ ከ0.1 ተነሥቶ 4 ሚሊሜትር ለመድረስ ጥቂት ዑደት ይበቃዋል። ያዩትም ይህንኑ ነው።

ይህን አስተካክለው አሁንም ካመለጠ ቀጥሎ የሚጠረጠረው 2 ፓይ ነው። ኮሳይኑ ውስጥ የገባው ድግግሞሹ ብቻ ከሆነ፣ 2 ፓይ ተረስቶ፣ ኪው 39.5 ጊዜ ይገዝፋል። ሦስተኛው አሃድ ነው። ሜትርና ሰከንድ ይዞ ከመንገታገት በሚሊሜትር፣ በማይክሮሰከንድ፣ በዳልተንና በቮልት መሥራት ይቀላል፤ ያኔ አክስለሬሽን ማለት 96.485 × የቻርጅ ቁጥር × መስክ (በቮልት በሚሊሜትር) ሲካፈል ለዳልተን ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ በ0.01 እና በ1000 መካከል ስለሚሆኑ ስሕተት በዓይን ይታያል። ለማመሳከሪያ፦ በ300 ኬልቪን የሚነሣ አዮናችን በአንድ አቅጣጫ የተለመደው ፍጥነቱ 0.158 ሚሊሜትር በማይክሮሰከንድ ነው፤ ውዝዋዜውም 0.23 ሚሊሜትር ገደማ። ከ1 ሚሊሜትር በላይ የሚንከራተት ከሆነ ገና የቀረ ስሕተት አለ።

ጥያቄ፦ ቮልቴጁን ከማወዛወዝ ይልቅ በቋሚ ቮልቴጅ ከሁሉም አቅጣጫ ቢገፋ አይበቃም? (የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይበቃም። ሳሙኤል ኤርንሾ እ.ኤ.አ. በ1842 እንዳሳየው በቋሚ የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ቻርጅን በባዶ ቦታ ላይ ማሰር አይቻልም፤ በአንድ አቅጣጫ ከጨመቁት በሌላው ይሾልካል። መስኩ የኮርቻ ቅርጽ አለው፤ ከፊትና ከኋላ ሽቅብ፣ በግራና በቀኝ ቁልቁል። ኮርቻ ላይ ያስቀመጡት ኳስ በጎን ይወድቃል። ኮርቻው ግን ኳሱ ሳይወድቅ ቶሎ ቶሎ ሽቅቡና ቁልቁሉ ከተለዋወጡ ኳሱ መካከል ላይ ይቆያል። ፓውል ራሱ ለማሳያ የሚሽከረከር ኮርቻ ይጠቀም ነበር። ለተማሪዎችዎ ቢሠሩት ያምራል፤ ሲሙሌሽን ላይ ግን አይቅዱት። በወጥመዱ ውስጥ ኮርቻው አይሽከረከርም፣ ባለበት ሆኖ ይገለባበጣል፤ ስለዚህ የሁለቱ እንቅስቃሴ ቀመር አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወጥመዱን በሁለቱ ጫፍ በቀጥተኛ ቮልቴጅ ዘጋሁት፤ በርዝመቱ አቅጣጫ ያለው ውዝዋዜ 100 ኪሎኸርዝ ነው። የስሌቴ የጊዜ እርምጃ 10 ናኖሰከንድ ነው። ከ1 ሚሊሰከንድ በኋላ የርዝመቱ ውዝዋዜ ሰባት እጥፍ ሲያድግ የጎኑ ወደ ሲሶ ግድም ይወርዳል። ጉልበት ከጎን ወደ ርዝመት እየተሸጋገረ ነው? ጋዝ የለም፣ ሌላ አዮንም የለም። (አዲስ አበባ)

መልስ፦ የሚሸጋገር ነገር የለም። ምልክቱ ግን ልብ ስለሚያማልል፣ ብዙ ሰውም ስለሚያሳስት፣ ረዘም አድርገን እንመልሳለን።

ኮድዎ ውስጥ አክስለሬሽኑ በአሮጌው ቦታ ተሰልቶ እነዚህ ሁለት መስመሮች ይከተላሉ ብለን እንወራረዳለን፦

ቦታ = ቦታ + ፍጥነት × እርምጃ
ፍጥነት = ፍጥነት + አክስለሬሽን × እርምጃ

ይህ የኦይለር ዘዴ ነው። ዘዴው በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ጉልበት ያስገባል ወይም ያወጣል፤ የትኛውን እንደሚያደርግ የሚወስነው አዮኑን የሚስበው ኃይል ምልክት ነው። ወደ መካከል የሚመልስ ኃይል ሲሆን ውዝዋዜው ያድጋል፤ ከመካከል የሚገፋ ሲሆን ያንሳል። መጠኑን በእጅ ማስላት ይቻላል። በርዝመቱ አቅጣጫ የማዕዘን ድግግሞሹ በእርምጃው ሲባዛ 0.00628 ነው፤ የዚህ ካሬ ግማሽ 0.0000197። በአንድ እርምጃ ውዝዋዜው በዚህ ክፍልፋይ ያድጋል። በ1 ሚሊሰከንድ ውስጥ 100,000 እርምጃ አለ፤ ድምሩ 1.97፣ እድገቱም 7.2 እጥፍ። የእርስዎ ሰባት ይኸው ነው።

የጎኑስ ለምን አነሰ? የሬዲዮ ድግግሞሹ ኃይል ግማሹን ዑደት ይስባል፣ ግማሹን ይገፋል፤ ስለዚህ የኦይለር ስሕተት በዑደቱ ውስጥ ራሱን በራሱ ያጣፋል። የሚቀረው የጫፎቹ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ነው። ያ ቮልቴጅ በርዝመቱ የሚጨምቀውን ያህል፣ በላፕላስ ሕግ (በባዶ ቦታ የመስኩ ለውጥ በሦስቱ አቅጣጫ ተደምሮ ዜሮ ይሆናል በሚለው)፣ በሁለቱ ጎን እኩል ተካፍሎ ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ የጎኑ ማነስ የርዝመቱ ግማሽ ነው፦ ከ1.97 ይልቅ 0.99 ሲቀነስ፣ ማለትም 0.37 እጥፍ። አሁን 7.2 ን በ0.37 ሁለት ጊዜ ያባዙ፤ 1 ገደማ ይመጣል። የጉልበት ሽግግር ያስመሰለው ይህ ሚዛን ነው፤ አዮኑ ግን አልሠራውም፣ ቀመሩ ነው የሠራው።

ከዚህ አንድ አደገኛ ነገር ይከተላል። ኦይለርን በጎን አቅጣጫ ብቻ፣ ጫፎቹን ሳይዘጋ የሚፈትን ሰው ምንም እንከን አያገኝም። «ሠራ» ብሎ ያልፋል፤ ችግሩ የሚወጣው ቆይቶ ጫፎቹን የዘጋ ቀን ነው።

መድኃኒቱ ሊፕፍሮግ የሚባለው ዘዴ ነው። በመጀመሪያ ፍጥነቱን በግማሽ እርምጃ ያድሱ፤ ቀጥሎ በአዲሱ ፍጥነት ቦታውን በሙሉ እርምጃ ያንቀሳቅሱ፤ በአዲሱ ቦታና በአዲሱ ሰዓት መስኩን እንደገና ያስሉ፤ በመጨረሻ የቀረውን የፍጥነት ግማሽ ይጨምሩ። መስኩ በአንድ እርምጃ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰላ ከኦይለር የሚበልጥ ወጪ የለውም። ባለ አራት ደረጃው የሩንጌ ኩታ ዘዴም በአጭር ሩጫ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አራት ጊዜ መስክ ያሰላል፣ በረጅም ሩጫም ጉልበቱ ቀስ እያለ ይሸሻል። ለወጥመድ እኛ ሊፕፍሮግን እንመርጣለን።

ካስተካከሉ በኋላ የ1 ሚሊሰከንዱን የጎን ቦታ ፉሪየር (በውስጡ ያሉትን ድግግሞሾች የሚለየውን ስሌት) ያውጡ። የወጥመዱ ጫፎች ክፍት ሲሆኑ የፉሪየሩ ትልቁ ከፍታ 110 ኪሎኸርዝ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ከፍታዎች ደግሞ 890 እና 1110 ላይ መቆም አለባቸው። በመጽሐፍ የሚገኘው አቋራጭ ቀመር (ኪው × ድግግሞሽ ÷ 2.83) 108 ይሰጣል፤ ሁለት ኪሎኸርዝ የሚጎድለው አቋራጭ ስለሆነ ነው እንጂ ኮድዎ ተሳስቶ አይደለም። ጫፎቹ ሲዘጉ ወደ ውጭ የሚገፋው ስለሚታከል የጎኑ ወደ 83 ይወርዳል።

ጥያቄ፦ በአንድ ዑደት ስንት እርምጃ ይበቃል? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ በሊፕፍሮግ 10 እርምጃ የጎኑን ድግግሞሽ በ1.6 በመቶ፣ 20 እርምጃ በ0.4 በመቶ፣ 100 እርምጃ በ0.016 በመቶ ግድም ያዛባል፤ ሁልጊዜም ወደ ላይ። ለመጀመሪያ ቅኝት 20፣ ለሚታተም ውጤት 100 እንላለን። እርምጃውን ሲያጋምሱ ስሕተቱ ወደ ሩብ ካልወረደ ዘዴው ውስጥ ሰዓቱ ወይም ቦታው በትክክል አልተቀመጠም።

ጥያቄ፦ ትክክለኛውን የዘንግ ቅርጽ ለማስገባት የላፕላስን ቀመር በፍርግርግ ላይ እፈታለሁ። ቮልቴጁ ስለሚለዋወጥ በየእርምጃው እንደገና መፍታት ግድ ሆነብኝ፤ 1 ማይክሮሰከንድ ለማስኬድ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅብኛል። ከዚያ ሁሉ በኋላ አዮኑ ጋዝ በሌለበት ቀስ በቀስ ይሞቃል። (የዶክትሬት ተማሪ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

በየእርምጃው መፍታት አያስፈልግም። በ1 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 300 ሜትር ነው፤ ወጥመድዎ ደግሞ ጥቂት ሳንቲሜትር። ስለዚህ መስኩ በየቅጽበቱ ቋሚ እንደሆነ ተደርጎ ይወሰዳል። አንዱን ኤሌክትሮድ 1 ቮልት፣ ሌሎቹን ሁሉ ዜሮ አድርገው አንዴ ይፍቱ፤ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ይድገሙት። አራት ዘንግና ሁለት ጫፍ ካለ ስድስት መፍትሔ ይሆናል። ሲሙሌሽኑ ሲሄድ የሚቀረው ሥራ እነዚህን ስድስት ሰንጠረዦች በወቅቱ ቮልቴጅ አባዝቶ መደመር ብቻ ነው። ሲምአዮን የተባለው የታወቀ ፕሮግራምም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ፍርግርጉ 0.1 ሚሊሜትር፣ ሣጥኑ 16 በ16 በ40 ሚሊሜትር ቢሆን 10.24 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ በድርብ ትክክለኛነት (ለአንድ ቁጥር 8 ባይት) አንዱ ሰንጠረዥ 82 ሜጋባይት፣ ስድስቱ ከግማሽ ጊጋባይት በታች። ለመፍታት ተራውን የመደጋገም ዘዴ ከመጠቀም ከልክ በላይ የማረም ዘዴን ይጠቀሙ፤ ለ160 ነጥብ ስፋት የእርማት ቁጥሩ 1.96 አካባቢ ሲሆን ይፈጥናል። ሲጨርሱ ስድስቱን ሰንጠረዥና የሣጥኑን ግድግዳ ሰንጠረዥ ይደምሩ፤ በየትኛውም ነጥብ 1 ካልመጣ ገና አልተፈታም።

ዘንጎቹ ክብ ከሆኑ ደግሞ የዘንጉ ራዲየስ ከመካከል እስከ ገጽ ላለው ርቀት 1.1468 እጥፍ ሲሆን ከንጹሑ መስክ (ከፍጹሙ የኮርቻ ቅርጽ) ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ርኵሰት ይጠፋል። በምሳሌያችን 4.59 ሚሊሜትር ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ፖቴንሻሉን (በየነጥቡ ያለውን ቮልቴጅ) በነጥቦቹ መካከል በቀጥታ መስመር እያገናኙ መስኩን ከዚያ ያወጣሉ ብለን እንጠረጥራለን። ይህ ሲሆን መስኩ ተዳፋት መሆኑ ቀርቶ ደረጃ ይሆናል። በምሳሌያችን መስኩ በየሚሊሜትሩ 6.25 ቮልት በሚሊሜትር ይጨምራል፤ በ0.1 ሚሊሜትር ክፍል የደረጃው ቁመት 0.625 ነው። በ0.2 ሚሊሜትር ላይ የሚወዛወዝ አዮን ደግሞ የሚያየው ከፍተኛ መስክ 1.25 ብቻ ነው። ከመካከል እስከ መዞሪያው ሁለት ደረጃ ብቻ! ደረጃውን በተሻገረ ቁጥር ኃይሉ ይዘላል፤ ሊፕፍሮግ ደግሞ ጉልበት የሚጠብቀው ኃይሉ ለስላሳ ሲሆን ነው። ፍርግርጉን በግማሽ ማጥበብ ሰንጠረዡን በስምንት እጥፍ ያሳድጋል እንጂ በሽታውን አያድንም። ፖቴንሻሉን በሦስተኛ ደረጃ ስፕላይን (ነጥቦችን በለስላሳ ኩርባ በሚያገናኝ ቀመር) አለስልሰው መስኩን ከስፕላይኑ ያውጡ። አዮኖችዎ ከመካከሉ የማይርቁ ከሆነ ደግሞ የተሻለ መንገድ አለ፦ ከፍርግርጉ ላይ የንጹሑን መስክና የጥቂት ርኵሰቶቹን መጠን ለክተው ቀመሩን በቀጥታ ይጻፉ። ፈጣን ነው፣ ደረጃም የለውም።

ጥያቄ፦ የአዮኖቼን የጎን ሙቀት በየማይክሮሰከንዱ እያስቀመጥኩ አንዴ 300፣ ሌላ ጊዜ 900 ኬልቪን አገኛለሁ። የቀየርኩት ማስቀመጥ የጀመርኩበትን ሰዓት ብቻ ነው። (ሃይፋ)

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። 1 ማይክሮሰከንድ ማለት አንድ ሙሉ ዑደት ስለሆነ ሁልጊዜ የሚያስቀምጡት በአንድ ፌዝ (በዑደቱ ውስጥ በአንድ ቅጽበት) ላይ ነው፤ በብልጭታ እንደሚነሣ ፎቶግራፍ። አዮኑ በዝግታ ከሚወዛወዘው ሌላ በየዑደቱ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ እንቅስቃሴ አለው፤ ስፋቱ በቦታው ላይ ካለው ርቀት የኪው ግማሽ፣ በእኛ ምሳሌ 15 በመቶ። ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሲሆን የዚህ ንቅጥቃጤ ፍጥነት ዜሮ ነው፤ የሚታየው ዝግተኛው ብቻ ይሆናል፣ 300። ቮልቴጁ ዜሮን ሲያቋርጥ ንቅጥቃጤው ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ነው፤ 900 ግድም። በዑደቱ ሁሉ ላይ አማካዩ 600 አካባቢ ነው፤ ጫፎቹ ካልተዘጉ ንቅጥቃጤው ከዝግተኛው ጋር እኩል ጉልበት ይይዛልና።

የትኛውን ይጻፉ? ለጥያቄዎ የሚስማማውን። ከጋዝ ጋር ስለሚደረግ ግጭት ከሆነ ሙሉው ያስፈልጋል። አዮኑ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ለመናገር ከሆነ ዝግተኛው። ለማስቀመጥ ግን ከዑደቱ ጋር የማይገጥም ልዩነት ይምረጡ፤ በየ100 እርምጃ ሳይሆን በየ37። ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሲሆን ብቻ ካስቀመጡም ሁለቱን የጎን አቅጣጫዎች አንድ ላይ ይደምሩ፤ ለየብቻ ሲታዩ አንዱ ከልኩ ያነሰ፣ ሌላው የበዛ ይመስላል።

ጥያቄ፦ አዮኑ መስክ በሌለበት ቱቦ ውስጥ 200 ማይክሮሰከንድ ተጉዞ ለ0.5 ማይክሮሰከንድ የሚቆይ የግፊት ፐልስ ይቀበላል። በሳይፓይ (በፓይተን የስሌት ጥቅል) ፈቺ ሳስኬደው ፐልሱን ጭራሽ አይሰማውም። (መቐለ)

መልስ፦ ፈቺው ዘሎት ነው። እርምጃውን ራሱ የሚመርጥ ፈቺ ስሕተት ካላየ እርምጃውን ያስረዝማል፤ የሳይፓዩ በአንድ ጊዜ እስከ አሥር እጥፍ። ባዶ ቱቦ ውስጥ ኃይል የለም፣ ስሕተት የለም፣ እርምጃው በጥቂት ዙር ከፐልሱ ይረዝማል። ሩጫውን በሦስት ይክፈሉት፦ እስከ ፐልሱ መነሻ፣ በፐልሱ ውስጥ፣ ከፐልሱ በኋላ፤ የአንዱን መጨረሻ ለሚቀጥለው መነሻ ይስጡ። ትልቁን እርምጃ መገደብም ይሠራል፤ ነገር ግን በባዶው ቱቦ ውስጥ ያለ ጥቅም ያዘግማል።

በዚያው ላይ፦ የፈቺው የተለመደ ትክክለኛነት አንድ ሺኛ ነው፤ ለወጥመድ እጅግ ልቅ ነው። ፍጹም መቻያውም (የሚታገሠው የስሕተት ወሰን) 0.000001 ነው፤ በሜትር ከሠሩ 1 ማይክሮሜትር፣ በሚሊሜትር ከሠሩ 1 ናኖሜትር ማለት ነው። አሃድ በቀየሩ ቁጥር ይህም ይቀየራል።

ጥያቄ፦ 40 ዳልተን የሆነ የካልሲየም አዮን በ20 ቮልት አስሬ (ኪው ያው 0.305) ለማቀዝቀዝ ጋዝ ጨመርኩ። በሂሊየም ይቀዘቅዛል፣ በዜኖን ግን ይሞቅና ያመልጣል። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ ፊዚክሱ ራሱ እንደዚያ ነው። ቀላል አቶም አዮኑን በመታው ቁጥር ፍጥነቱን ጥቂት ብቻ ስለሚነካ እንደ ዘይት ያረግበዋል። 131 ዳልተን ግድም የሆነ ዜኖን ግን ለ40 ዳልተን አዮን ግድግዳ ነው። አዮኑ ሲነጥር የፍጥነቱ አቅጣጫ በአንድ ቅጽበት ይገለበጣል፤ በመስኩ ተገድቦ የነበረው የንቅጥቃጤ ጉልበት ወደ ዝግተኛው ውዝዋዜ ይፈስሳል። ውዝዋዜው ሲሰፋ ንቅጥቃጤው ይሰፋል፤ የሚቀጥለው ግጭት የባሰ ይሆናል።

የግጭት ኮድ ላይ ግን ሁለት ስሕተት በብዛት ስለምናይ ይፈትሹ። ከ100 ዳልተኑ አዮን ጋር በ0.1 ፓስካልና በ300 ኬልቪን በሜትር ኩብ ውስጥ 24 ቢሊዮን ቢሊዮን የሂሊየም አቶም አለ። የግጭቱን ስፋት 100 ካሬ አንግስትሮም ብንል በሰከንድ 30,000 ግጭት፣ በ10 ናኖሰከንድ እርምጃ 0.0003 ዕድል ይሆናል። የመጀመሪያው ስሕተት ዕድሉን በአዮኑ ፍጥነት ብቻ ማስላት ነው። የሂሊየሙ አማካይ ፍጥነት 1260 ሜትር በሰከንድ፣ የአዮኑ 250 ግድም ነው፤ ልዩነቱን ትተው አዮኑን ብቻ ካሰሉ ግጭቱ አምስት እጥፍ ያንሳል። ሁለተኛው አቶሙን የቆመ አድርጎ መውሰድ ነው፤ ያኔ አዮኑ ከጋዙ በታች፣ ወደ ዜሮ ኬልቪን ይቀዘቅዛል። አቶሙን ከማክስዌል ሥርጭት (በጋዙ ሙቀት ከሚጠበቀው የአቶሞች ፍጥነት ሥርጭት) ይምረጡ፤ የሁለቱን የጋራ ፍጥነት ይቀንሱ፤ የቀረውን ፍጥነት መጠኑን ጠብቀው አቅጣጫውን በዘፈቀደ ያዙሩ፤ የጋራውን መልሰው ይጨምሩ። በዚህ ግፊት ማቀዝቀዣ ጊዜው የሚሊሰከንድ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ የሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ቦሪስ ዘዴን (በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የቻርጅን ጉዞ የሚያሰላውን) ልጠቀም? (ሐዋሳ)

መልስ፦ ለዚህ ወጥመድ አያስፈልግም። በዘንጉ አጠገብ የሚፈጠረው 4 ናኖቴስላ ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው የምድር መስክ ወደ 36,000 ናኖቴስላ ይጠጋል። የምድሩን ሳያስገቡ ስለ አራቱ መጨነቅ አይገባም። መግነጢሳዊ መስክ ከሌለ ቦሪስም ያው ሊፕፍሮግ ነው።

ጥያቄ፦ ወጥመዱን ወደ ማጣሪያ ለውጬ 115.6 ቮልት ተለዋዋጭ፣ 19.4 ቮልት ቀጥተኛ ሰጠሁት። 100 ዳልተን ብቻ ማለፍ ሲገባው 101ም ያልፋል። ዘንጎቹ 10 ሳንቲሜትር ናቸው፤ አዮኖቹ በ5 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይገባሉ።

መልስ፦ ቮልቴጆቹ ትክክል ናቸው፤ የመረጋጊያው ሦስት ማዕዘን (አዮኑ የሚያዝበት የቮልቴጆች ክልል) ጫፍ ኪው 0.706 ላይ ነው፣ የቀጥተኛው ለተለዋዋጩ ቮልቴጅ ሬሾ 0.168። የጎደለው ጊዜ ነው። በ5 ኤሌክትሮን ቮልት አዮኑ 3100 ሜትር በሰከንድ ይሮጣል፤ 10 ሳንቲሜትሩን በ32 ዑደት ይጨርሳል። 101 ያልተረጋጋ ቢሆንም ዘንጉ ጋ ለመድረስ ጊዜ አላገኘም። የተለመደው ግምት የመለየት አቅም የዑደቶቹ ካሬ ሲካፈል ለ20 ነው፤ 32 ዑደት 51 ይሰጣል፣ ለእርስዎ 100 ያስፈልጋል፣ ማለትም ቢያንስ 45 ዑደት። ጉልበቱን ወደ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ያውርዱ፤ 72 ዑደት ያገኛሉ። ድግግሞሹን ወደ 2 ሜጋኸርዝ ማሳደግም ይቻላል፤ ቮልቴጁ ግን አራት እጥፍ፣ 462 ይሆናል። አዮኖቹን ሁሉ በአንድ ፌዝ ካስገቡ የሚያገኙት የማለፍ መጠን ከእውነተኛው ጋር አይገናኝም፤ ዑደቱን ለ50 ፌዝ ከፍለው በእያንዳንዱ 200 አዮን ይልቀቁ።

ጥያቄ፦ ኮዱን ወደ ግራፊክስ ካርድ በነጠላ ትክክለኛነት አዛወርኩት። በየሩጫው ከ23 ሚሊዮን እርምጃ ትንሽ ቀደም ብሎ አዮኖቹ በሙሉ በአንድ አፍታ ወደ አንድ ጥንድ ዘንግ ይወረወራሉ።

መልስ፦ ሰዓትዎ ቆሟል። ሰዓቱን በየእርምጃው 10 ናኖሰከንድ እየደመሩ ያሳድጋሉ፤ ነጠላ ትክክለኛነት ግን 24 ቢት ብቻ አለው። ሰዓቱ 0.0625 ሰከንድ ካለፈ በኋላ 10 ናኖሰከንዱ ወደ 7.45 ይጠጋጋል፤ ከ0.125 በኋላ ወደ 14.9፤ 0.25 ላይ ሲደርስ ድምሩ ምንም አይጨምርም። ኮሳይኑ በአንድ ዋጋ ላይ ይደርቃል፣ ወጥመዱ ቋሚ ኮርቻ ይሆናል። ከዚያ በፊት ባሉት ሚሊዮኖች እርምጃዎችም ድግግሞሹ የተሳሳተ ስለነበር ውጤቱን ይጣሉት። ሰዓት ከመደመር ይልቅ እርምጃውን በሙሉ ቁጥር ይቁጠሩ፤ በ100 ሲካፈል የሚተርፈው ፌዙ ነው። 100ውን የኮሳይን ዋጋ አንዴ በድርብ ትክክለኛነት አስልተው በሰንጠረዥ ያስቀምጡ፤ ኮዱም ይፈጥናል።